የእድሩ ሦስተኛ ቁልፍ

ባለፈው እሑድ የእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ነበር። ኦዲተሩ የተጠራቀመውን የመጠባበቂያ ገንዘብ አንብቦ ሲጨርስ አንዱ ከኋላ፣ «ታዲያ ለበዓሉ ብንከፋፈለውስ?» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን የልጄን ክንድ ይዤ በሩ በየት በኩል እንደሆነ አየሁ።

ይኸው ሐሳብ ከብዙ ዓመት በፊት ሲነሣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥጥ እፈትል ነበር። አባቴ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ነበር። የብረት ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ በሰብሳቢው፣ አንዱ በጸሐፊው፣ ሦስተኛው በአባቴ እጅ። ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም።

በዚያ ዓመት ከአባላቱ የሞተው ጥቂት ስለነበር ገንዘቡ ተረፈ። ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ለእንቁጣጣሽ እንከፋፈል የሚል ሐሳብ ተነሣ። ሰብሳቢውና ጸሐፊው ቁልፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉ። ከአጠገቤ የተቀመጠው አባቴ እምቢ አለ።

«ዘንድሮ ሞት ረስቶናል እኮ፣» አለ ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ እየሳቀ። «ወይስ አንተ ልታስታውሰው ነው?»

«የቀብር ገንዘብ ነው፣» አለ አባቴ። «በግ አይገዛበትም።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ያንተ የሆነው?»

ከዚያ ማን እንደጀመረ አላውቅም። ወንበር ተሰበረ። አባቴን ወለሉ ላይ ጥለው ረገጡት። ቁልፉን የጨበጠበትን ቀኝ እጁን ጋሽ ደምሴ በድንኳን ካስማ መታው፤ ደጋገመው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ፣ እንደ ደረቅ የባሕር ዛፍ ጭራሮ። የእርጥብ ጋቢና የደም ሽታ አንድ ላይ አፈነኝ። አባቴ አልለቀቀም። ጋሽ ደምሴ ካስማውን ወደ ጭንቅላቱ አነሣ።

አባቴ ላይ ተደፋሁበት። «አባዬ፣ ልቀቀው።»

«ሂጂ ከዚህ።»

ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቄ ቁልፉን ለጋሽ ደምሴ ሰጠሁት። ድብደባው ቆመ።

መስከረም ሳይጠባ እትዬ አስካለ ሞቱ። ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከሙ መዋጮአቸውን አንድ ወር እንኳ ያላጓደሉ ሴት ነበሩ። የእድሩ ሳጥን ባዶ ነው፤ ገንዘቡ በየግቢው በግ ሆኖ ታስሯል። ለመቀበሪያቸው በዝናብ በየቤቱ ዞረን ለመንን። ሬሳቸው ሳይቀበር ሁለት ቀን ቆየ።

የአባቴ ቀኝ እጅ ዳግመኛ አልተጨበጠም። እስኪሞት ድረስ እናቴ እያጎረሰች አበላችው። አንድ ቀን ብቻ፣ «እኔ አልሰጥም ነበር» አለኝ፤ በድምፁ ቁጣም ምስጋናም አልነበረም።

ባለፈው እሑድ ግን የመከፋፈሉ ሐሳብ በድምፅ ብልጫ ወደቀ፤ ማንም በማንም ላይ እጁን አላነሣም። ወደ ቤት ስንመለስ ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት።

«ዛሬ ቢሆንስ ቁልፉን ትሰጪያለሽ፣ እማዬ?» አለችኝ።

እሰጣለሁ አልኳት። አባቴን ከሚገድሉብኝ አሁንም እሰጣለሁ። እትዬ አስካለን ግን ይቅርታ የምጠይቅበት መንገድ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።