የቆርቆሮዋ ጨረቃ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሰሚራ ቤት ነበርኩ። የምትኖረው እዚሁ አዳማ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃውን የምወጣው ጉልበቴን እየረገምኩ ነው። ለኢድ ብስኩት ልትጋግር ዱቄቱን አቡክታ የፕላስቲክ የቅርጽ ማውጫዎቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታለች። ልብ አለ፣ ዓሣ አለ፣ ቢራቢሮ አለ፤ ጭራሽ ዳይኖሰር የሚሉት አንገተ ረጅም አውሬም አለ። «ይኼን ደግሞ ማን ሊበላው ነው?» ብዬ ሳልጨርስ ሰሚራ ጮኸች። ኮከቡ የለም።

«ያቺ ጎረቤቴ ናት!» አለች። «ባለፈው ሳምንት ተውሳኝ ስትመልስ አስቀርታዋለች። ሁለተኛ አላውሳትም፤ ዓይኗንም ማየት አልፈልግ።»

የልጅ ልጄ ሂክማ ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የእናቷን ንግግር ስትሰማ አንገቷን ቀብራ ጥፍሯን መንከስ ጀመረች። ያን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። እንዴት አላውቀው! የራሴ ነው።

እኔ ልጅ ሳለሁ ከተማዋን ናዝሬት ነበር የምንላት። ባጃጅ የለ፣ ፎቅ የለ፣ ሰውም ዕቃም የሚሄደው በጋሪ ነው። ንፋሱ ግን ያው የዛሬው ነው፤ አቧራውን አንስቶ አፍ ውስጥ ይሞጅራል። አባቴ ከወሎ መጥቶ ገበያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ከአጥራችን ወዲያ አዴ ሐሊማ ይኖራሉ፤ የአርሲ ሁሩታ ሴት፣ ባላቸው የጭነት መኪና ሹፌር። እሳቸው አማርኛውን በኦሮምኛ እየቀመሙ፣ እናቴ ደግሞ ኦሮምኛውን እየሰባበረች ሲያወሩ ለሰሚው ግራ ነው። እነሱ ግን በዓይን ጥቅሻ ሳይቀር ይግባቡ ነበር።

ሁለቱ አንድ ዓመት ተማክረው ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዱና ከዘይት ጣሳ የብስኩት ማውጫ አሠሩ። ግማሽ ጨረቃ፤ ጫፍና ጫፏ ሹል፣ ጀርባዋ ላይ ትንሽ እጀታ ያላት። ሰፈሩ ሁሉ በሻይ ብርጭቆ አፍ ክብ ክቡን ሲያወጣ የእኛና የአዴ ሐሊማ ብስኩት ብቻ ጨረቃ ሆነ። ለጉራ ብቻ እንዳይመስላችሁ! ያኔ በየቤቱ መጋገሪያ ስላልነበረ ሁሉም ሊጡን በትሪ ደርድሮ ፉርኖ ቤት ወስዶ ነው የሚያስጋግረው። በዚያ ሁሉ ክብ ብስኩት መሃል የራስን መለየት ጭንቅ ነው፤ የእኛ ጨረቃ ግን ከበር ትታወቃለች። ሁለቱ ሴቶች የየራሳቸውን ሊጥ አንድ ላይ ቆርጠው አንድ ላይ ያስጋግራሉ። ማውጫዋም አንድ ዓመት እኛ ቤት፣ አንድ ዓመት እሳቸው ቤት ትቀመጣለች። በረመዳን መጨረሻ ሰው ሁሉ «ጨረቃ ታየች ወይ?» እየተባባለ ሰማይ ሰማይ ሲያይ፣ አዴ ሐሊማ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ጨረቃ እኔ ጋ ናት!» ይላሉ። እናቴ በሳቅ ትፈርሳለች።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ፣ ኢድ ባለፈ በሳምንቱ፣ እናቴ ማውጫዋን አጥባ በጨርቅ ጠቀለለችና «ለአዴ ሐሊማ ስጪልኝ፤ አሁን ተራው የሳቸው ነው» አለችኝ። ያን ቀን ደግሞ ወንጂ አክስቴ ዘንድ ልሄድ ነው። የአክስቴን ልጆች ላስቀናበት አማረኝና በኪሴ ይዣት ሄድኩ። ከአገዳው ማሳ መሃል የሚያልፍ የውኃ ቦይ አለ፤ ዳሩ ጥቁር ጭቃ፣ ልክ እንደ ሊጥ የለሰለሰ። ጭቃውን በመዳፋችን ዳምጠን ጨረቃ በጨረቃ አደረግነው። እንዴት ያለ ደስታ ነበር! መጨረሻ ላይ ላጥባት ጎንበስ ስል ከእጄ ሙልጭ ብላ ቦዩ ውስጥ ገባች። ውኃው ደፍራሽ ነው፤ እስከ ብብቴ እየነከርኩ ዳበስኩ፣ የለችም።

ወደ ቤት ስመለስ እናቴ «ሰጠሻቸው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ቃሏ ከአፌ ስትወጣ ምንም አልከበደችኝም።

በዓመቱ ረመዳን ሲጋመስ ነው ጉዱ የፈላው። እናቴ አዴ ሐሊማ ግቢ ገብታ «ጨረቃዋን አውጫት እንጂ» አለች፤ እኔ ከኋላዋ ነኝ። አዴ ሐሊማ ሳቁ። «አንቺ ጋ አይደለች እንዴ?» ቀልድ መስሏቸው ትንሽ ተሳሳቁ። ሳቁ አለቀና የእናቴ ፊት ተለወጠ።

«ልጄ በእጇ ሰጥታሻለች።»

«ወላሂ አልሰጠችኝም።»

«ልጄ አትዋሽም!» አለች እናቴ፤ ጎረቤት እስኪሰማ። አዴ ሐሊማ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኳረፉ። ማፍጠሪያ ሲደርስ ሳንቡሳ የጫነ ሰሃን በአጥሩ ላይ መመላለሱ ቀረ። አዴ ሐሊማ በበራችን ሲያልፉ ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ይስባሉ፤ እናቴ ደግሞ ከድስት ጋር ትጣላለች። እኔ ሳልጾም የምውል ያህል ይሰማኝ ጀመር። በውሸታም አፍ የተጾመ ጾም ማን ይቀበለኛል?

ሃያ ዘጠነኛው ቀን ላይ እናቴ ብስኩቱን ብቻዋን በብርጭቆ አወጣችው። ክብ። ትሪውን ተሸክሜ ፉርኖ ቤት ሄድኩ። የዚያን ሰዓት ሽታ ጾመኛ ነው የሚያውቀው፤ የስኳር፣ የቅቤ፣ ትንሽ ጠርዙ ያረረ ብስኩት፤ ምራቅ መዋጥ እንኳ ያሳፍራል። ሴቱ ይጋፋል፣ ትሪው ይጋጫል፣ ሁሉም ክብ ነው። ከምድጃው ሲወጣ የእኛ ነው ያልኩትን አንስቼ ሮጥኩ።

አዛን ተባለ፤ በቴምር አፈጠርን። እናቴ አንድ ብስኩት አንስታ ገመጠችና ማኘኳን አቆመች። የእኛ በዘይት ነው የሚቦካው፤ ይኼ ግን ቅቤ ቅቤ ይላል።

«የሁሩታ ቅቤ ነው» አለች። «የሐሊማ እጅ ነው።» ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን ኩራቷ አለ። «የሰው ሐቅ አይበላም። ተነሺ መልሺ፤ የእኛንም ተቀብለሽ ነይ።»

አዴ ሐሊማ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው የእኛ ትሪ ፊታቸው ነበር፤ አንዱን ቀምሰው አስቀምጠውታል። እሳቸውም አውቀዋል ማለት ነው። «ኢንተላ ኮ፣ ነይ ልጄ» ሲሉኝ አላስቻለኝም።

«ጨረቃዋን እኔ ነኝ የጣልኳት» አልኩ እያለቀስኩ። «ወንጂ፣ ቦይ ውስጥ። ለእማዬ አይንገሩብኝ፣ በአላህ!»

«ይኼን ሁሉ ቀን ሌባ አስባልሽኝ?» አሉ ቀስ ብለው። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በሻሻቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ። «እናትሽ ሰፈር እየሰማ ልጄ አትዋሽም ብላለች። በኢድ ዋዜማ እሷን ማሳፈር አይሆንም» አሉና ተነሡ።

ትሪያችንን ይዤ ተከትያቸው እኛ ቤት ገባሁ። እናቴ ስታያቸው ብድግ አለች። «ጨረቃዋን እኔ ነኝ የጣልኳት» አሉ አዴ ሐሊማ። «ልጅሽ ሰጥታኝ ነበር። ረስቼ ነው። አውፍ በይኝ።»

«አንቺ እኔን አውፍ በይኝ እንጂ!» ብላ እናቴ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ተላቀሱ። ከዚያ በትከሻቸው ላይ አሻግራ አየችኝና በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። «አላልኩሽም ሐሊማ? ልጄ አትዋሽም።» ውጪ ልጆች «ታየች! ጨረቃ ታየች!» እያሉ መሮጥ ጀመሩ። እኔ ትሪውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ የኢድ ብስኩት ከሁለቱም ቤት ተሰጠኝ። የየትኛውም ጣዕም ትዝ አይለኝም።

አዴ ሐሊማ ነገሩን ለማንም ሳይነግሩ አረፉ። እናቴም ከእሳቸው በኋላ ብዙ ኖራ፣ በመጨረሻ ታማ እኔው ነኝ ያስታመምኳት። ስንት ጊዜ ምላሴ ላይ መጣ! «ነገ» እያልኩ አንድ ቀን ነገ የሚባል ጠፋ።

እና ባለፈው ቅዳሜ፣ ሰሚራ ጎረቤቷን ስትረግም፣ «ኮከቡን እኔ ነኝ የጣልኩት» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እንደ አዴ ሐሊማ ልሆን። ግን ቆም አልኩ። እሳቸው ለእናቴ ጓደኛዋን መልሰውላታል፤ አላህ ጀነት ይስጣቸው። እኔን ግን ያቺን «አዎ» አስታቅፈውኝ ነው የሄዱት፤ ይኸው ጸጉሬ ሸብቶም ታቅፌያታለሁ። ለዚች ሕፃን ይኼን አላወርሳትም። ሂክማን ወደ በረንዳው ጠራኋትና ለእናንተ የነገርኳችሁን ነገርኳት።

«ከዚያ ለእናትሽ ነገርሻት?» አለችኝ።

«አልነገርኳትም።»

«አሁን ንገሪያታ።»

«ሞታለች እኮ፣ የኔ ልጅ።»

ትንሽ አሰበች። ተነሥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደች፤ ሰሚራ አሁንም እያጉረመረመች ሊጥ ትዳምጣለች። «እማዬ፣ ኮከቡ እኮ...» ስትል ሰማኋት። ጉልበቴ እንቢ አለኝ እንጂ ሄጄ እጇን ልይዝላት ፈልጌ ነበር።