የማያሻግረው ድልድይ ጠባቂ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ማሪት ረጅም እጀታ ያለው መረብ፣ መጥረጊያ፣ ፒንሳና ብርቱካናማ ሰደርያ አስረከበችኝና ወደ ብሪገው ወሰደችኝ። ብሪገ ማለት ወደ ባሕሩ ገብቶ ገብቶ መሐል ላይ የሚያልቅ የእንጨት ድልድይ ነው። ማንንም የትም አያሻግርም። ሰው እስከ ጫፉ ይሄዳል፣ ውኃውን ያያል፣ ይመለሳል። ኦስሎ ውስጥ ይህም ሽርሽር ነው።

«ዋናው ሥራሽ ሰዎቹን አለመረበሽ ነው» አለችኝ ማሪት።

ሌላው ሥራ ቀላል ነበር። ጠዋት የዓሣ ቅርፊትና የወፍ ኩስ አጥባለሁ። የነፍስ አድን ቀለበቶቹ በየቦታቸው መሰቀላቸውን አያለሁ። የተወሳሰበ ክር እቆርጣለሁ፤ ሰው ጃኬት ላይ የተሰካ መንጠቆ በፒንሳ እነቅላለሁ። ቶሽክ የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ ክልክል ስለሆነ፣ የያዘ ሰው እየተነጫነጨም ቢሆን ወደ ውኃው እንዲመልሰው አደርጋለሁ። ማክሬል ግን ይፈቀዳል። እኔን ያስቸገረኝ አለመረበሹ ነው።

የሰላምታ ሰው ነኝ፤ ምን ላድርግ። አጥማጆቹ ተራርቀው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ። እኔ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር እየዞርኩ እንዴት እንዳደሩ፣ ልጆቻቸው እንዴት እንደሆኑ እጠይቃለሁ። ብዙም ሳይቆይ ማሪት ደወለች። «አንድ ሰው ስለ እናቱ ጉልበት ለምን እንደምትጠይቂው ማወቅ ይፈልጋል» አለች። ጉልበቷን እንዳመማት የነገረኝ እሱ ራሱ ነበር! ዝም አይነቅዝም ብዬ አፌን ዘጋሁ።

በሙከራ ጊዜዬ ላይ ነበርኩ። ካለፍኩ ቋሚ እሆናለሁ፤ ከወደቅኩ ወደ ቀድሞው የቢሮ ጽዳት እመለሳለሁ። ብሪገውን ከነወፍ ኩሱ ወድጄዋለሁ።

ጫፉ ላይ ሁልጊዜ የሚቆም ኡላቭ የሚባል ሽማግሌ ነበር። አንድ ቀን ማክሬሉ እንደ ጉድ ገባ። ኡላቭ ባልዲውን ሞላና አንዱን ወፍራም ማክሬል በጅራቱ ይዞ ዘረጋልኝ።

«ትፈልጊያለሽ?»

በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት ስጠብሰው ታየኝ። ግን ጨዋ አሳድጎኛልና «ኧረ ምን በወጣህ! ለራስህ ይሁን» አልኩ።

«ኦኬ» አለና መልሶ ባልዲው ውስጥ ከተተው።

እስኪደግምልኝ ጠበቅኩ። እሱ የቆመበትን ጣውላ ደጋግሜ ጠረግኩ። ምንም የለም። ሲግደረደሩ ጦም ያድራሉ እንዲሉ፣ ያን ቀን ማካሮኒ በላሁ።

በማግስቱ ጨዋታው እንዴት እንደሆነ ላሳየው ብዬ ከቤት የጋገርኩትን ዳቦ ይዤ ሄድኩና ቆርሼ ሰጠሁት። «ናይ ታክ» አለ። አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። ይሄማ የለየለት መግደርደር ነው አልኩ በልቤ። «በሞቴ!» የሚለውን በኖርዌይኛ የሚተካ ቃል ስላጣሁለት በአማርኛ ጮህኩበት። ሁለት እጁ የዓሣ ዘንግ ይዞ ነበርና አጎረስኩት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ደገምኩት። ዓይኑ ፈጦ አላመጠ።

ለማሪት ደውሎ ነገራት። እሷም «ልመጣ ነው፤ ስለ ሥራሽ እንነጋገራለን» አለችኝ።

ፉሩሴት ሰፈር ያለው ቤቴ ገባሁና ለልጄ ለሳምራዊት ሁሉንም ዘረገፍኩላት። እዚሁ የተወለደች ነርስ ናት።

«እማዬ፣ ማክሬሉን ፈልገሽ ለምን ናይ አልሽው?»

«መቼ ናይ አልኩ? ተግደረደርኩ እንጂ!»

«እሱ በምን ይወቅ? እዚህ እኮ አንዴ ነው የሚጠይቁት። ከፈለግሽ ‹ያ› በይ፣ ካልፈለግሽ ‹ናይ›። በቃ።»

«ደረቆች!» አልኩ። ግን ገባኝ። ከእንግዲህ አንድም ቀን እንደማልግደረደር ለራሴ ማልኩ።

ማሪት ስትመጣ ኡላቭ አጠገብ ቆሜ መረቡን እየጠገንኩ ነበር። አጥማጆቹ ሁሉ ጆሯቸውን አቁመዋል።

«ስለ ዳቦው ሰምቻለሁ» አለች። «ሰው አታጉርሺ። ከዚያ ውጪ ብሪገው እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። ቋሚ ሥራውን ትፈልጊያለሽ?»

ደስታው አናቴ ላይ ወጣ። በሰው ሁሉ ፊት መመስገኔ ደግሞ አሳፈረኝ። አንገቴን ደፋሁና አፌ እንደለመደው «ኧረ እኔ ምን አቅሜ! ከእኔ የሚሻል ሰው አይጠፋም» አለ።

«ያሳዝናል» አለች ማሪት፤ «ውሳኔሽን ግን አከብራለሁ።» እጄን ጨብጣ ሄደች።

እኔ እዚያው ቆሜ እስክትመለስ እጠብቃለሁ።

«እየሄደች እኮ ነው» አለ ኡላቭ።

ያን ጊዜ ነቃሁ። መረቡን በትከሻዬ እንደያዝኩ «ያ! ያ! ያ!» እያልኩ ሩጫዬን ለቀቅኩት። ረጅም ብሪገ ነው፤ ማሪት ደግሞ እርምጃዋ ፈጣን ነው። መረቡ የአንዱን ኮፍያ ይዞ ተነሣ። የሌላው መንጠቆ ሰደርያዬን ያዘና ዘንጉ ከነማክሬሉ ጣውላው ላይ እየተንደቀደቀ ተከተለኝ። ባለቤቱም ዘንጉን ተከተለ። ማሪት ዞራ ስታየን ወደ ኋላ ሸሸች።

«ሥራውን! እፈልገዋለሁ!» አልኩ እያለከለክሁ።

«አሁን ናይ አልሽኝ እኮ!»

«እሱ የመጀመሪያው ነው!»

ማሪት ኮፍያውን አየች፣ ማክሬሉን አየች። ከዚያ በጥንቃቄ «እሺ... ቋሚ ሥራውን ትፈል—»

«ያ!» አልኩ።

ጡረታ እስክወጣ እዚያው ሠራሁ። ለአዲስ ገቢዎች የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ የምትፈልጉትን አለቃችሁ አጠገባችሁ ቆማ ሳለ ተናገሩ። እንጨቱ ያንሸራትታል።