አየነው የወለወለው ክላሽ

አየነው ጦሩን ከድቶ ሀርጌሳ ከገባ ወዲህ ብሎኬት ተሸካሚ ነው፤ ብሎኬት ደግሞ ማዕረግ አይጠይቅም። ሼክ ኑር ሰፈር ዳር ሕንፃ የሚያስገነባው ዓብዲረዛቅ፣ ይህ ሐበሻ መሣሪያ ፈትቶ መግጠም እንደሚያውቅ የሰማ ዕለት የጥበቃውን ክላሽ የሚያጸዳ ሰው አገኘ። ጥበቃው የዓብዲረዛቅ የእህት ልጅ ነው፤ ጫቱን ሲቅም ይውልና ክላሹን አሸዋ ላይ ጥሎ ይተኛል። እንዲህ ያለ ሰው መሣሪያ ይያዝ ያለው ማን እንደሆነ እንጃ። አየነው አፈሙዙን በዘንግ ይወለውላል፤ ጣት የማይገባበትን የቃታውን ጓዳ በጥርስ ብሩሽና በናፍጣ ይፈለፍላል። ለዚህ ሲባል ከከባዱ ሸክም ያሳርፉታል። እውነቱን ለመናገር፣ ይኮራበትም ነበር።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ቸርነት እዚያው ሕንፃው ሥር በጥይት ተመትቶ ሞተ። ቸርነት ያገሩ ልጅ፣ አብሮትም ብሎኬት የሚሸከም ነው፤ ከሚስቱ ከአምለሰትና ከአየነው ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው በመጋረጃ ተካፍለው ይኖራሉ። የዚያን ዕለት ጠዋት በሚጠጣ ውኃ ሰበብ ከጥበቃው ጋር ተሰዳድቧል። አየነው አየር ማረፊያው አካባቢ ሲሚንቶ ሲያወርድ ውሎ ሲመለስ የጠበቀው ሬሳ ነው። ጥበቃው "ወላሂ አልተኮስኩም፤ ጥይቱ ከመንገድ ነው የመጣው" ብሎ ማለ። አምለሰት ፊት ለፊቱ ቆማ ረገመችው።

በማግሥቱ ዓብዲረዛቅ ክላሹን ራሱ ይዞ መጣ።

"ከሰዓት ፖሊሶች ያዩታል" አለው። "በደንብ አጽዳው።"

አየነው ፈታታው። አፈሙዙን አንዱ ቀድሞ ጨርቅ ሰድዶበታል፤ ያብረቀርቃል። ከላይ የተኛችውን፣ የባሩድ ጢስ የሚመለስባትን ቱቦ ግን ማን አስታውሷት? ነቅሎ በሽቦ ጫፍ ላይ እራፊ ጠቅልሎ ሰደደባት። ጨርቁ ጥላሸት ለብሶ ወጣ። በቀደም ራሱ አጽድቶ ያስረከባት ቱቦ ነበረች፤ የባሩዱ ሽታ ገና አልለቀቃትም።

እንዳለች መልሶ ቢገጥማት ፖሊሶቹ ያገኙታል፤ ጥበቃውም አለቀለት። ዓብዲረዛቅ ግን ሳያጸዳ የመለሰው ማን እንደሆነ አይጠፋውም። አየነው የመኖሪያ ወረቀት የለውም፤ ድንበሩን መልሰው ቢያሻግሩት ደግሞ የከዳው ጦር ስሙን አልረሳም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች ቸርነትን አልገነዙማ።

ጨርቁን ናፍጣ ውስጥ ነከረ። ቱቦዋን ውስጧን፣ ጠርዟን፣ ጢሱ የሚገባባትን መርፌ የማታሳልፍ ቀዳዳ ሳይቀር ፍቆ ጨረሳት። ክፉ ሥራ ነው ብሎ እንኳ እጁ አልሰነፈም፤ በዕድሜው እንዲያ አድርጎ መሣሪያ አጽድቶ አያውቅም።

ፖሊሱ ፈትቶ አየ፤ አሸተተ፤ መልሶ ሰጠ።

ከቀብር መልስ ለቀስተኛው ሲቀንስ አምለሰት አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች።

"አየነው ወንድሜ፣ ሰዉ ሁሉ ጥበቃው ነው ይለኛል። እኔ የሰው ወሬ አልሰማም። መሣሪያውን ያየኸው አንተ ነህ፤ አንተ ካልከኝ አምናለሁ። ተተኩሶበታል?"

"አልተተኮሰበትም" አላት፣ መሬት መሬቱን እያየ።

አምለሰት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

"እግዜር ይስጥህ። እኔ እኮ ንጹሕ ሰው ረግሜያለሁ፤ ቸርነትም ይህን አይወድልኝም። ነገ ሄጄ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። አንተ ሶማሊኛ ትችላለህ፤ ታስተረጉምልኛለህ።"

"እሺ" አላት።