ከፍ ያለው ወንበሬ
በደርግ ጊዜ ናዝሬት ብቻዬን ስኖር ዳሌዬ አላስኬድ አለኝ። አጥንቱን በብረት የሚተካልኝ ራሺያዊ ሐኪም አስቀድሞ በአስተርጓሚ፣ «ዱካ የሚባል ነገር እርሺ፤ ዝቅ ብለሽ ከተቀመጥሽ ብረቱ ይወልቃል» አለኝ። እኅቴ ከዓለም ጤና ከተማ መጥቼ ላስታምምሽ ብትለኝ እምቢ አልኳት፤ እሷ ስትመጣ ግማሹ ዓለም ጤና አብሮ ይመጣል። አናጢ ጠርቼ የአልጋዬንና የአንድ ወንበር እግር አስረዘምኩ፤ ተዘጋጀሁ ማለት ነው።

ከሆስፒታል በወጣሁ ማግስት የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ኮሚቴውን አስከትሎ ሊጠይቀኝ መጣ። ከአብዮቱ በፊት «እትዬ» ነበር የሚለኝ፤ አሁን እኔንም አብዮቱንም ላለማስቀየም «ጓድ እትዬ» ሆኛለሁ። እነሱ ዱካ ላይ፣ እኔ ከላይ ተቀመጥን። ወንበሬን ትክ ብሎ አየው።

«ጓድ እትዬ፣ ከሰፊው ሕዝብ በላይ መቀመጥ የፊውዳል አመል አይደለም?»

«ሐኪም ነው ያዘዘልኝ፤ ያውም ራሺያዊ!»

ራሺያን መቃወም አይቻልምና ጥቂት አሰበ። «እስቲ ልየው» ብሎ አስነሳኝና ወጣበት። እግሩ መሬት አልነካም፤ ፊቱ ግን በራ። ወዲያው ወንበሩ ለሕዝብ ጥቅም ተወረሰ፤ እኔም ድኜ እስክነሳ አልጋዬ ላይ ቀረሁ።

ከወራት በኋላ በምርኩዝ እየተጎተትኩ ቀበሌ ስብሰባ ሄድኩ። የሕዝቡ አግዳሚ ሁሉ አጭር ስለሆነ ከኋላ ቆምኩ። ሊቀ መንበሩ ወንበሬ ላይ ጉብ ብሎ ስለ እኩልነት ያስተምራል። ሲያየኝ ንግግሩን አቋረጠ።

«ጓድ እትዬ፣ ቁጭ ይበሉ እንጂ! ከሰፊው ሕዝብ በላይ ሆኑ እኮ!»