ያልተሟላ ቃጠሎ

ያሳሰረኝ የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው። የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ልጆቹ እንዲገባቸው ማስታወሻውን በአማርኛ እጽፍላቸው ነበር። በስብሰባ ላይ አስተዳደሩን ተናግሬ ዓይን ውስጥ ከገባሁ ሰንብቼ ነበር። ቤቴ ሲፈተሽ አንዱ ፖሊስ ደብተሬን ገልጦ ጮክ ብሎ አነበበ፤ «ሙሉ ቃጠሎ እንዲካሄድ በቂ አየር ያስፈልጋል።» በዚያው ሳምንት አንድ የቡና መጋዘን ተቃጥሎ ነበር። በእንግሊዝኛ ትቼው ቢሆን ኖሮ ማንም ልብ አይለውም ነበር።

ያስገቡን ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለ ባዶ መጋዘን ውስጥ፣ በብሎኬት በተከለለች ጠባብ ክፍል ነው። መስኮት የላትም። አየር የሚገባው በብረቱ በር ስር ባለች ክፍተት ብቻ ነው። አምስት ነበርን። ከመካከላችን አንድ የሸኮ ሽማግሌ ነበሩ፤ ልጃቸው ቢሸሽ በእሱ ፈንታ እሳቸውን አመጧቸው። ደረታቸውን ያፍናቸዋል። ስለዚህ የበሩን ስር ለእሳቸው ለቀቅንላቸው። ለታላቅ ሰው የተሻለው ቦታ ይሰጣል፤ ከዚያ የተሻለ ቦታ ደግሞ አልነበረንም።

መርማሪው ሁለት ጊዜ አስጠርቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ስለ ቃጠሎ ታውቃለህ፣ አታውቅም?»

«አላውቅም» አልኩ። ስንት ዓመት ያስተማርኩትን መካዴ አሳፈረኝ፤ ግን ቤቴ መግባት ፈልጌ ነበር። «ቃጠሎ» የምትለው ቃል ዳግመኛ ከአፌ እንዳትወጣ ለራሴ ማልኩ።

መብራት በጠፋ በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ ጄኔሬተር አምጥተው በራችን ላይ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ስር አስቀመጡት። ዝናቡ ሲበረታ በሸራ ሸፈኑት። መጀመሪያ ደህና ይሠራ ነበር። ቆይቶ ድምፁ ጎረነነ፤ በበሩ ስር የሚገባው ጭስ ጠቆረ። ሸራው አየር ከልክሎታል። ቤንዚን በቂ አየር ሲያገኝ በደንብ ይቃጠላል፤ ሲያጥረው ጥላሸት ያወጣል፤ ከጥላሸቱ ጋር ደግሞ የማይታይና የማይሸት መርዝ። ይህን በየዓመቱ አስተምሬዋለሁ።

ራሴን ይወጋኝ ጀመር። አንዱ አስታወከ።

«አባባ፣ ከበሩ ይራቁ» አልኳቸው።

«ተው ልጄ። አየር እዚህ ነው ያለ።»

እጃቸውን ይዤ ልስባቸው ስል ተቆጡኝ። ምክንያቱን መንገር ነበረብኝ። ጠባቂው ግን በሩ ላይ ነው፤ የሰማውን ሁሉ ለመርማሪው ያደርሳል። በሩን አንኳኩቼ፣ «ጭሱ በዛብን፣ ሞተሩን ራቅ አድርጉልን» ብቻ አልኩ።

«ጭስ ብርቅ ነው? እናትህ ቤት ጭስ የለም?» አለኝ።

ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ ቆመ። ጠባቂው ነዳጅ ሲቀዳ ይሰማኛል። ሁሉም ነገር ጸጥ ብሏል፤ ብናገር ጠባቂው ይሰማኝ ነበር። ፈራሁ። ዝም አልኩ። ሞተሩ እንደገና ተነሣ።

«አባባ» ስላቸው አልመለሱም። ያን ጊዜ በሩን በእርግጫ እየመታሁ ጮህኩ።

«ይሄ ያልተሟላ ቃጠሎ ነው! ጋዙ ይገድላል! እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ቃጠሎ አውቃለሁ!»

በሩ ተከፈተ። ሽማግሌውን ተሸክመን ዝናቡ ላይ አስተኛናቸው። ውሃው ፊታቸው ላይ ሲወርድ ዓይናቸውን አላርገበገቡም።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ወረቀት አቀረበልኝ። «ስለ ቃጠሎ እንደሚያውቅ አምኗል» ይላል። ስለ ሽማግሌው አንድም ቃል የለበትም።

«ጎድሏል» አልኩት።

«ምኑ?»

እስክሪብቶውን ተቀብዬ፣ የተማሪ ፈተና እንደማርም ሁሉ፣ «ቃጠሎ» ከሚለው ቃል በላይ «ያልተሟላ» ብዬ ጨመርኩ። ከግርጌው «በበሩ ስር የተኙትን ሽማግሌ የገደላቸው ይኸው ነው» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። በዚያች ፊርማ ብዙ ወራት ታስሬ ተቀመጥኩ።

አሁን ሚዛን ከተማ ነው የማስተምረው። የቃጠሎው ምዕራፍ ሲደርስ ዛሬም በአማርኛ እጽፈዋለሁ። ባለፈው አንዲት ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ሰው ለማዳን ምን ያህል ጊዜ ይኖራል?» አለችኝ። እንደ ክፍሉ ስፋት ነው አልኳት። የእኛን ክፍል ግን አውቀዋለሁ። ጠባቂው ነዳጁን ቀድቶ ሞተሩን እስኪያስነሣ ድረስ ጊዜ ነበረኝ።