ኦቦ ከድር እና የባለቤቴ ኮሶ

ባለቤቴ ካረፈ ዓመት አልሞላውም። ሮቤ ባለው ግቢያችን የሚከራዩ ክፍሎች ለመሥራት ማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ስጠይቅ፣ የትኛው ዛፍ እንደሚቆይ፣ ምን እንደሚተከል የሚያሳይ ዕቅድ ያስፈልጋል አሉኝ። ዕቅዱን የምታዘጋጀው ባለሙያ ጫልቱ መጥታ ግቢውን ለካችና ባለቤቴ የተከለው የኮሶ ዛፍ ሥር ቆመች።

«እትዬ አስካለ፣ ዛፉ ከቆየ ወፎቹም ንቦቹም ይቆያሉ፤ ግን አንድ ክፍል ይቀነሳል። ከተቆረጠ በምትኩ አገር በቀል ችግኞች ይተከላሉ።»

ያለዚያች ክፍል ኪራዩ አያኖረኝም። ደግሞ ጎረቤቴ ኦቦ ከድር «ቅጠሉ ጣሪያዬን አበላሸው፣ ቁረጠው» እያሉ ከባለቤቴ ጋር ሲጨቃጨቁ ነው የኖሩት። እንግዲህ እሳቸው እንኳ ይገላገሉ ብዬ፣ እየከበደኝ «ይቆረጥ» አልኩ።

ኦቦ ከድር በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ማነው የሚቆርጠው?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ይቆረጥ ሲሉ የኖሩት?»

«ያልኩት እሱን ነው። አንቺን መቼ አልኩሽ?»

ጫልቱ ግራ ገባት። «አባባ፣ ዛፉን ይወዱታል ማለት ነው?»

«ወላሂ፣ አልወደውም። ለክፍሏ ቦታ ካነሰ አጥሬን ወደ እኔ አስገባለሁ፤ እንደሱ ብለሽ ጻፊ። በሕይወት እያለ ያልረታሁትን ሰውዬ፣ አሁን መልስ በማይሰጥበት ጊዜ አልረታውም።»