በሩ ተከፍቶ ያደረ ዕለት

አባቴ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ አዳማ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከወደቀ በኋላ ሞጆ እኔ ዘንድ እንዲገባ ለመንኩት። "ከቤቴ የምወጣው በቃሬዛ ነው" አለኝ። ግትርነቱን ወርሻለሁና እኔም አልተውኩትም። በመጨረሻ ተስማማንና በሩ ላይ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ዕቃ አስገጠምኩ። ጠዋት በሩ ሲከፈት ለስልኬ መልእክት ይልካል፤ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ካልተከፈተ ስልኬ ይጮኻል። እንደገና ከወደቀ ግን ያለ ክርክር ሊመጣ ቃል አስገባሁት።

በምሠራበት ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ሳስፈትሽ "በሩ ተከፍቷል" የሚለውን አይቼ ልቤ ያርፋል። እውነቱን ልናገር፣ መደወል ተውኩ።

አንድ ሐሙስ ስልኬ ጮኸ። ብደውል አባቴ አያነሳም። አዳማ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሳሎኑ ውስጥ ነጠላ ያዘቀዘቁ የማላውቃቸው ሴቶች ፍራሽ ያነሳሉ። ልጮህ ስል አባቴን ከአጥሩ ማዶ ድንኳን ውስጥ አየሁት።

የሞቱት ጎረቤቱ ነበሩ። ከመተሐራ ለመጡት ዘመዶቻቸው ቤቱን ለማደሪያ ሰጥቶ፣ ሰው ሲወጣ ሲገባ በሩ ሳይዘጋ አድሯል። ያልተዘጋ በር ደግሞ ጠዋት አይከፈትም።

ለቀስተኛ ፊት ተቆጣሁት። "ለምን አልነገርከኝም?"

"ያ ዕቃ ሁሉንም የሚነግርሽ መስሎኝ" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ልትወስጂኝ ነው የመጣሽው?"

"አይደለም" አልኩት። አፈርኩ።

"እሳቸው ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ 'አካም ቡልቴ' ይሉኝ ነበር፤ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። መልስ ካጡ ገብተው ያዩኝ ነበር። ያን ጊዜ ስወድቅም ያነሱኝ እሳቸው ናቸው።"

ማን እንዳነሳው ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ሞጆ ሆኜ፣ ስልኬ "በሩ ተከፍቷል" አለኝ። ደወልኩ።

"ምነው፣ ዕቃው አልነገረሽም እንዴ?" አለ አባቴ።

"ነግሮኛል። አካም ቡልቴ፣ አባዬ?"

አፍንጫውን ሲጠርግ ይሰማኛል።

"ደህና አደርኩ" አለኝ በመጨረሻ። "ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ ያለ አልመሰለኝም ነበር።"